ኮባ የለበሱ አምዶች

ዛሬ ጧት ጡረታዬን ልቀበል ወጥቼ ልደት ምዝገባ ተሰለፍኩ።

ባንኩ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ፣ ወደዚያ እንደ መስተዋት ብልጭ ወደሚለው ፎቅ ከተዛወረ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ወሬውን በየቤቱ ያዛመትኩት እንዲያውም እኔ ነበርኩ። እግሬ ግን አልሰማም መሰለኝ፣ ላይኛው ሰፈር ሼቻ ካለው ከአሮጌው ሕንጻ በረንዳ ሥር ወስዶ አቆመኝ። ከፊቴ የተሰለፉት ሁሉ ሕፃን ያቀፉ እናቶች መሆናቸውን አይቻለሁ። «እሰይ፣ ዘንድሮስ ወጣቱ መቆጠብ ጀመረ» ብዬ አለፍኩት። አንዷማ «አባባ፣ እስቲ ይያዙልኝ» ብላ ልጇን አስታቅፋኝ ወረቀት ልታስሞላ ሄደች። እሹሩሩ እያልኩ መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

«የእርስዎ ነው?» አለችኝ ጸሐፊዋ ሕፃኑን እያየች።

«ኧረ የሰው ነው።»

«ታዲያ ማንን ሊያስመዘግቡ ነው?»

የጡረታ ደብተሬን ሰጠኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «አባባ፣ እርስዎማ ተወልደው ጨርሰዋል» አለችኝ።

እናቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ? ልጁን ለእናቱ መልሼ ወጣሁና፣ ወደ ቤቴ እንደ መሄድ ከበረንዳው አምዶች አንዱን ተደገፍኩ። ዘበኛው ጠጋ ብሎ «ደከመዎት እንዴ፣ አባባ?» አለኝ። ምን ልበለው? ይህን አምድ አውቀዋለሁ፣ እርቃኑን አይቼዋለሁ ልበለው? «አዎ ልጄ፣ ደከመኝ» አልኩት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

በሥራ ዘመኔ ፎርማን ነበርኩ። ፎርማን ማለት ራሱ ድንጋይ ሳያነሣ ሌላው ያነሣው ድንጋይ ተጣመመ የሚል ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ፈጣሪ በደንብ አዘጋጅቶኛል፤ ቁመት ነፈገኝና ድምፅ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ንድፍ ክፍል ውስጥ መስመር በማስመር ጀምሬ፣ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ አርባ ምንጭ ተመደብኩ። ጂንካ ትምህርት ቤት፣ ሳውላ ጤና ጣቢያ፣ ጫኖ መጋዘን አሠርቻለሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ በፊሽካ ይጠራን ነበር፤ ሌላው ስብሰባ እንጂ ሕንጻ አይወድም። ደመወዜም እንደ አባያ ጀልባ ነበረች፤ ስትመጣ ትመጣለች። ከዚያ ሁሉ ሥራ በሕልሜ የሚመላለሰው ግን ይኸው ዛሬ ልደት የሚመዘገብበት ባንክ ነው። ከዚያ ሁሉ አለቃ ደግሞ ጋሽ ሰይፉ።

ጋሽ ሰይፉ በንጉሡ ጊዜ አሜሪካ ተልከው የሕንጻ ንድፍ የተማሩ መሐንዲስ ነበሩ። አርባ ምንጭ የመጡት በሹመት አልነበረም፤ «አሜሪካ ምን ስታደርግ ነበር?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ስለበዛባቸው ነው። ረጅም ናቸው፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነበር፤ ቅራፊውንም መሬት አይጥሉም፣ ኮታቸው ኪስ ይከቱታል። አንድ ሕንጻ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ለማለት መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው ይደገፉታል። «ዓይን ይታለላል፣ ጀርባ አይታለልም» ይላሉ። አዲስ ክፍል ሲገቡ አንድ ጊዜ ያጨበጭቡና ድምፁ እስኪሞት ጆሯቸውን ያቀናሉ። የሕንጻ ፊት በነደፉ ቁጥር ደግሞ በሩ አጠገብ ቅርጫት የያዘች አንዲት አሮጊት ይሥላሉ። ሁልጊዜ አሮጊት። እኔ አንድ ጊዜ ደፍሬ የራሴን ምስል ሥዬ አሳየኋቸው። አዩትና፣ «ይህ ሰውዬ የትም ይገባል፤ ሳይጠሩትም ይገባል። እሷ ያልደፈረችው በር ግን በር አይደለም» ብለው በላጲስ አጠፉኝ።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ስንወጣ ሼቻ ገደሉ ጫፍ ላይ እንቀመጣለን። ከታች አባያ ቡናማ ሆኖ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመሃል የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት ተጋድሞ ይታያል። እሳቸው ግን የሚያዩት ሌላ ነበር። አሜሪካ የተማሩባት ከተማ የስንዴ ገበሬዎች ከተማ ነበረች። ቤቱ ሁሉ እንጨት፣ መንገዱ አቧራ። አንዱ ማዕዘን ላይ ብቻ በድንጋይ የተሠራ ባንክ አለ፤ ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ቦይ ቦይ የወጣላቸው አራት አምዶች፣ የአምዶቹ ራስ ላይ የተቀረጸ ቅጠል፣ ጥጉ ላይ ትልቅ ሰዓት።

«የመጀመሪያ ቀን ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅሁ» ይሉ ነበር።

«ለምን እንዲያ ይሠሩታል፣ ጋሼ? ብር ለማስቀመጥ አራት ግድግዳ አይበቃም?»

«ገበሬ ሞኝ መሰለህ? ከፍራሽህ ሥር አውጥተህ ለማታውቀው ሰው ስጥ ሲሉት መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ‹ይህ ሰውዬ ነገ ጠቅልሎ የሚሄድ ነው ወይስ የሚቆይ?› ይላል። አምዱ ‹እቆያለሁ› ይለዋል። ውስጥ ሲገባ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ብርሃን የሚመጣው ከላይ ነው፤ ድምፁን ሳያዝዙት ዝቅ ያደርጋል። የካዝናው በር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ክብ ሆኖ፣ ተወልውሎ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ተተክሏል።»

«ካዝና ይደበቃል እንጂ ይታያል?»

«እምነት ታይቶ ነው። ያ ቤት ሁለት ነገር ባንድ አፍ ይናገራል፤ ‹ግባ› ይላል፣ ‹አትንካ› ይላል።»

«ቆዩ ታዲያ ባንኮቹ?»

«ስንቱ ከሰረ። በክፉ ዘመን ያ የነገርኩህ፣ እኔ ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት ያለው ራሱ ከስሮ ኖሯል፤ እኔ ስደርስ የዘር እህል ይሸጥበት ነበር። ብራቸውን የበላቸው ገበሬዎች ግን ፀሐይ ሲበረታ ከአምዱ ሥር እየመጡ ይደገፉ ነበር።» ናፍቆታቸው አሜሪካ አልነበረም፤ ያ ጥላ ነበር።

የአርባ ምንጭ ባንክ ፕላን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሣጥን ነበር። ልሙጥ ሣጥን፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ ጠባብ በር። ጋሽ ሰይፉ አዩት፣ ዞረው አዩት፣ ከዚያ እርሳሳቸውን ቀረጹ። ግድግዳውን ሳይነኩ ኮርኒሱን ከፍ አደረጉት፤ መስኮቶቹን ሙቀቱ እንዲወጣ ብርሃኑም ከላይ እንዲወርድ ወደ ላይ ሰቀሏቸው፤ ከፊቱ በረንዳ፣ ከበረንዳው አራት ባለ ቦይ አምዶች። ከበሩ አጠገብ አሮጊቷ።

ንድፉን ሊያዩ የክፍለ ሀገሩ ኮሚቴ ኃላፊ መጡ። ሁላችንም «ጓድ ኃላፊ» ነበር የምንላቸው።

«ጓድ መሐንዲስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አምድ ነው።»

«አምድ መሆኑንማ አያለሁ። የማን ነው? ይሄን እኮ ፊልም ላይ አይቼዋለሁ። ሌቦች የሚዘርፉት የአሜሪካ ባንክ ነው።»

ጋሽ ሰይፉ አልተቆጡም። «ጓድ፣ በገበያ ቀን እዚህ የሚሰለፈው ገበሬ ፀሐዩን የት ያሳልፈው? እኔ የሣልኩት ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ ያለ አምድ አይቆምም» አሏቸው።

ቀኑ ረዳን። አርባ ምንጭ ያን ዕለት ውሻ ጥላውን ለቅቆ ሌላ ጥላ የሚፈልግባት ሆና ነበር። ጓድ ኃላፊ ላባቸውን ጠረጉና፣ «እሺ። ግን ከተመደበው ሲሚንቶ ፍሬ አያልፍም። የመጀመሪያው አምድ ካላማረ ሣጥኑ ይሠራል፤ አንተም አዲስ አበባ ተመልሰህ አሜሪካን ታስረዳለህ» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። ጋሽ ሰይፉ አልሳቁም። በዚያ ዘመን «አስረዳ» ተብሎ የተጠራ ሰው ሁሉ አስረድቶ እንደማይመለስ እሳቸው ያውቁ ነበር፤ እኔም የገባኝ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው።

እንግዲህ ቦዩን በምን እናውጣ? የድንጋይ ጠራቢ የለንም። አናጢያችን አይዛ የዶርዜ ልጅ ነበር፤ ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ሲሚንቶው በሚፈስበት ክብ የሳንቃ ቅርጽ ውስጥ ዙሪያውን እየቸነከረ ደረደረው። የቀርከሃው ጀርባ ሲሚንቶው ላይ ሲጫን ቦይ ይተዋል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። ሐሳቡ የጋሽ ሰይፉ፣ እጁ የአይዛ፣ ጩኸቱ የእኔ። «አሜሪካ መጥታ ትማር!» እያልኩ ፎከርኩ።

ሳንቃውን የፈታን ቀን ፉከራዬ እዚያው ቀረ። ደረቁ ቀርከሃ ከሲሚንቶው ውኃ ጠጥቶ አብጦ ኖሯል። ቦዩ ውስጥ ተወጥሮ አልላቀቅ አለ፤ በመሮ ስንፈለቅቀው የአምዱን ገላ እያነሣ መጣ። ከላይ እስከ ታች ተገሸለጠ። የታኘከ ሸንኮራ መሰለ።

«ኢንጅኔር፣» አለ አይዛ፣ «ይሄ አምድ ነው ወይስ ከጅብ የተረፈ?»

ማንም አልሳቀለትም። ጋሽ ሰይፉ ሄደው ያንን የተገሸለጠ አምድ ተደገፉት። ረጅም ጊዜ ተደገፉት። ኮታቸው በአሸዋ ተሞላ። ከዚያ፣ «ውስጡ ጤነኛ ነው። የታመመው ቆዳው ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን የሚያጽናና ሰው ድምፅ እንጂ የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

በማግሥቱ ጓድ ኃላፊ ሊያዩ መጡ። እኔ ከእሳቸው ቀድሜ አምዱን ከእግር እስከ ራሱ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬው ነበር።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው የተጠቀለለው?»

«ውኃ እየጠጣ ነው፣ ጓድ።» እውነት ነው፤ ሲሚንቶ እስኪጠና ውኃ ይጠጣል።

«መቼ ይገለጣል?»

«ሲሚንቶ እንደ አራስ ነው፣ ጓድ። ቶሎ ከገለጡት ብርድ ይመታዋል።»

በዚያ ሙቀት ብርድ ብዬ ስናገር አይዛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጓድ ኃላፊ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጆንያውን አዩና፣ «ሌላውን አምድ ስትፈቱ እዚሁ ቆሜ አያለሁ» ብለው ሄዱ። ማታለሉ ጥቂት ቀን ብቻ አተረፈልን።

ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። የአይዛ እናት ወይዘሮ አልታዬ ከደጋ በሰው እጅ ዳቦ ልካለት ነበር፤ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ። አይዛ ቆረሰና አካፈለን። እኔ ድርሻዬን ወዲያው ዋጥኩ፤ ሐዘን ሲይዘኝ እበላለሁ፣ ደስታ ሲይዘኝም እንዲሁ። ጋሽ ሰይፉ ግን ዳቦውን ይዘው ቀሩ። እየጸለዩ መስሎን እኛም ማኘክ አቆምን።

«አይዛ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እናትህ ምን ቀብታው ነው ዳቦው ቅጠሉ ላይ ያልተጣበቀው?»

«ምንም። ኮባ ነው። ኮባ አይጣበቅም።»

«ጀርባውንስ አየኸው?»

ዳቦውን ገለበጡልን። የኮባው ጅማት ጥቅጥቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ አንዱም ሳይሳሳት ዳቦው ላይ ታትሟል። የእኔንም ለማየት ፈለጉ፤ እኔ ማስረጃዬን በልቼ ጨርሼ ነበር።

«እዚያ ቅጠሉን ድንጋይ ላይ ለመቅረጽ ዕድሜ ይፈጃሉ» አሉ ጋሽ ሰይፉ፤ ከሳንቃው መፈታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። «እዚህ ራሱ ይቀረጻል።»

ኮባ ቆላ ላይ አይገኝም። የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ይዘን፣ ጠመዝማዛውን አቀበት ዶርዜ ወጣን። ወይዘሮ አልታዬ ጓሮዋ ውስጥ እንሰቷን እየጎበኘች ነበር። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብላ ተቀበለችን። ቆጮ በዳጣ አቀረበችልን፤ ዳጣው ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ «እናቱን አስታውሶ ነው» አለች ለልጇ። የመጣንበትን ስንነግራት ግን ሳቋ ቆመ።

«ለሦስት አምድ የሚሆን ኮባ ከቆረጣችሁ እንሰቴ ይከሳል። ቅጠሉ ሲሄድ ሥሩ ይራባል።»

«ዋጋውን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል» አልኳት።

«ብር ምን ያደርጋል? ኮባ በብር አይበቅልም።» ወደ ቤቷ አመለከተች። በቀርከሃ የተሸመነ፣ እንደ ዝሆን ግንባር ወደ ፊት ያበጠ፣ ከዛፍ የሚረዝም ቤት ነበር። «ምስጥ ከሥር እየበላው ነው። የተበላውን ቆርጠን፣ ጎረቤት ተሸክሞልን ወደዚያኛው ቦታ እናዛውረዋለን። የማነሣበት ቀን ትከሻ ታመጣላችሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ።»

«እኛ እኮ የመንግሥት ሠራተኞች ነን፣ እናቴ…»

«መንግሥት ትከሻ የለውም?»

ጋሽ ሰይፉ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። «አለው፣ እናመጣለን» አሏት። እሷ ግን እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ መንገዱ አጭር ነበር። «ይሄ በቆመበት በኩል ቤቴ ይንጋደዳል» አለች። «ድንጋይ ላይ እናቆመዋለን» አሏት ጋሽ ሰይፉ።

የቆረጠችውም እሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነካ አልፈቀደችም። ከያንዳንዱ እንሰት የውጭውን ቅጠል ብቻ እየመረጠች፣ መሃሉን ሳትነካ። መሐንዲስ ከዚያ በላይ ሲጠነቀቅ አላየሁም።

ሥራው ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ ሆነ። ኮባውን እሳት ላይ አሳልፈን አለዘብነው። መሃል ጅማቱን አወጣን። ጀርባውን ወደ ሲሚንቶው አድርገን ቀርከሃውን አለበስነው፤ እንዳይንሸራተት በቃጫ አሰርነው። ሲሚንቶውን የምናፈሰው ጧት በቀዝቃዛው ነበር፤ ጥቂት ጥቂት፣ በእንጨት እየጠቀጠቅን፣ ቅጠሉን እንዳንቀድ ትንፋሻችንን ይዘን። እኔ እንኳ አልጮህኩም። አይዛ «ፎርማን ታመመ» ብሎ አስወራብኝ።

የሚፈታበት ቀን ጓድ ኃላፊ እንደ ዛቱት መጥተው ቆሙ። የመጀመሪያው ሳንቃ ተነሣ። ቀርከሃው እንደ ልጅ ጥርስ ለቀቀ። ኮባው ጠቁሮ፣ ረጥቦ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አይዛ ጫፉን ይዞ ሳብ አደረገው፣ ከላይ እስከ ታች ሳይቀደድ መጣ። ከሥሩ አምዱ ወጣ። ቦዩ ጥርት ያለ፣ በየቦዩም እንደ መዳፍ መስመር የረቀቀ የቅጠል ጅማት።

ጓድ ኃላፊ ቀርበው በጣታቸው ዳሰሱት። ሳያስቡት መሰለኝ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንሰት ነው፣ ጓድ።»

«አሜሪካ እንሰት አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አሉና ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

የመጀመሪያው አምድ እንዳለ ቀረ፤ የተረፈ ሲሚንቶ አልነበረም። የተገሸለጠውን ገላ ጠርበን በኖራ ለሰንነው። እስከ ዛሬ ከአራቱ አንዱ ልሙጥ ነው። ሰው «የዚህ ምን ሆነ?» ሲል እሰማለሁ። አራስ ነበር፣ ብርድ መታው።

ካዝናውን በተመለከተ ከባንኩ ሥራ አስኪያጅ ጋር ትንሽ ጠብ ነበር። «ሌባ ያየዋል» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ገበሬውም ያየዋል» አሉ ጋሽ ሰይፉ። ካዝናው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ክብ አልነበረም፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብረት ሣጥን ነበር፤ ቢሆንም በሚታይበት ቦታ ቆመ።

ሕንጻው ሊመረቅ ሲቃረብ ለጋሽ ሰይፉ የዝውውር ወረቀት መጣ። «ሄደህ አስረዳ» አይልም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረሃል ይላል። አምዶቹ ያደረጉላቸው ይህንን ነው፤ ሌላ አላደረጉላቸውም። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ገቡ፣ መሃል ላይ ቆሙ፣ አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ድምፁ ወደ ኮርኒሱ ወጣ፣ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ በላይ አላሉም።

አውቶቡስ ላይ ሸኘኋቸው። የምናገረው ጠፋኝ፤ ለእኔ ይህ እንደ ወባ ነው፣ በዓመት አንዴ ይይዘኛል። መስኮቱን ከፈቱና፣ «የወይዘሮ አልታዬ ትከሻ አለብኝ። አልደርስም። የእኔንም አንተ ክፈል» አሉኝ። አውቶቡሱ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ መጣልኝ፣ ከዚያ ዝም፤ ቆይቶም መሞታቸውን በሰው በሰው ሰማሁ። ምርቃቱን አላዩም። ባንኩ በተከፈተ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግን እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበርና፣ ወይዘሮ አልታዬ ቅርጫቷን ይዛ ስትመጣ አየሁ። አምዱን እንደ ከብት ዳበሰችው። «ይሄ የእኔ ኮባ ነው» አለች ከኋላዋ ለተሰለፈው ሁሉ፣ ከዚያም ማንንም ሳትጠይቅ በበሩ ገባች። ዞር ብዬ «ጋሼ፣ ይዩ!» ልል አፌን ከፈትኩ።

ቤቷን ያነሣችበት ቀን ግን አልደረስኩም። አይዛ ሊወስደኝ ሲመጣ ወባ ይዞኝ አልጋው ከእኔ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲሻለኝ ወጣሁ። ቤቱ አዲሱ ቦታ ላይ፣ ከድሮው አጠር ብሎ ቆሟል። «አልተንጋደደም፤ አንተ ስላልነበርክ ነው» አለችኝ። የጋሽ ሰይፉንም አደራ ነገርኳት። አብልታ አጠጥታ ስትሸኘኝ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «ይሄ እዚያው አለ፤ ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ» አለች። ሌላ ጊዜ ሲሆን እኔ ጂንካ ነበርኩ። እሷም አረፈች።

አሁን በዚያ ቤት የምትኖረው ልጇ፣ የአይዛ እህት ናት። ምስጥ ሥራውን አይተውም፣ ቤቱም ማጠሩን አይተውም፤ እኔም እንዲሁ፣ ስለዚህ ተስማምተን እናጥራለን። ትናንት አይዛ ደውሎ፣ ከመስቀል በኋላ ቤቱ እንደገና ሊነሣ መሆኑን ነገረኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ አርጅቻለሁ» አልኩት።

«እህቴ ነግራኛለች። ‹አርጅቻለሁ ይላል፤ ያረጀውንም ትከሻ ያምጣው› ብላለች። እናታችን ስንት እንዳለብህ ነግራታለች።»

ሁለት አለብኝ። ቀኙ የእኔ ነው፤ ግራው የጋሽ ሰይፉ።